ቀላል ጠመንጃ ሲገዛ ጥይቱም ይቅለል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቨርጂኒያ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ በሜሪላንድ ደግሞ ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ። ወቅቱ ሲቃረብ ከወገኖቻችን መካከል አዲስ ጠመንጃ ለመግዛት መደብር የሚገባው ብዙ ነው። ጥያቄውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ "በጣም ቀላሉና በጣም ኃይለኛው የቱ ነው?" እነዚህ ሁለቱ አንድ መሣሪያ ላይ ሲገናኙ ለጫካ የማይመች ጠመንጃ ይሆናል። ስለዚህ ሳይገዛ በፊት እንዲነበብ ይህችን ደብዳቤ ብታወጡልኝ።

ምንሽርና ውጅግራ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ረጅም አፈሙዝና ከባድ ጥይት ቢወድ አይፈረድበትም። የዚህ አገር ምሥራቃዊ ጫካ ግን ሜዳ አይደለም። እያደባ በእግሩ የሚሄድ አዳኝ ነጭ ጭራውን አጋዘን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 80 ሜትር ባለው ርቀት፣ በዛፎች መካከል፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ በእጅ ተይዞ የማያደክም፣ ቁጥቋጦ የማይዘው፣ ቶሎ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ጠመንጃ ነው። ለ400 ሜትር የተሠራ ማግነም (ብዙ ባሩድ የሚይዝ ኃይለኛ ጥይት) እዚህ ትርፉ ጩኸትና ርግጫ ነው።

ርግጫው በስሌት የሚታወቅ ነገር ነው። ጥይቱ ካልተለወጠ፣ ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ትከሻን የሚመታው ኃይል በዚያው ልክ ያድጋል። 150 ግሬን (10 ግራም ገደማ) እርሳስ የሚተኩስ .308 ጠመንጃ (ቁጥሩ የጥይቱ ዓይነት መጠሪያ ነው)፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩና ማንገቻው ተጨምሮ 3.6 ኪሎ ሲመዝን ወደ 20 ጁል ይመታል። ያንኑ ጥይት 2.6 ኪሎ ጠመንጃ ሲተኩሰው 28 ይደርሳል። .300 ዊንቸስተር ማግነም በ3 ኪሎ ጠመንጃ ከ40 ያልፋል። በአንጻሩ 100 ግሬን የሚተኩስ .243 በዚያው በ2.6 ኪሎ ጠመንጃ 17 አካባቢ ነው፤ ከከባዱ .308 እንኳ ያንሳል።

በዚህ ምት የተማረረ ሰው ሳያውቀው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙንም ወደ ታች ይገፋል። አጋዘን ሆዱን ተመትቶ ቆስሎ የሚጠፋውም አንዱ በዚህ ነው። ይህ ልማድ እንዳለብዎ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ጓደኛዎ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሎ ያጉርስልዎ። ተራው የልምምዱ ጥይት ሲሆንና ምላጩ ቀጭ ብሎ ዝም ሲል፣ አፈሙዙ ወደ ታች ከጠለቀ ችግሩ ከመነጽሩ አይደለም።

ስለዚህ ለቀላል ጠመንጃ .243፣ 6.5 ክሪድሙር ወይም 7 ሚሊሜትር-08 ይመረጥ። ሦስቱም ለነጭ ጭራ በቂ ናቸው። .308 የሚፈልግ ሰው ጠቅላላ ክብደቱን ከ3.2 ኪሎ ባያወርድ ይሻለዋል። .223 በቨርጂኒያ ለአጋዘን አይፈቀድም፤ ሕጉ ከ.23 ካሊበር በታች ያለውን ይከለክላል። ሜሪላንድ ደግሞ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ቢያንስ 1,200 ፉት-ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው ትጠይቃለች። በሁለቱም ግዛቶች እንዲህ ያለ ጠመንጃ ለአጋዘን የማይፈቀድባቸው ካውንቲዎች ስላሉ፣ የሚያድኑበትን ካውንቲ ደንብ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው።

ክብደት ሲባል መደብሩ የሚነግርዎ የባዶውን ነው። 2.7 ኪሎ በተባለ ጠመንጃ ላይ መነጽር 400 ግራም፣ ማሰሪያ ቀለበቶቹ 120፣ ማንገቻው 150፣ አራት የ.308 ጥይት ወደ 100 ግራም ሲጨመር 3.5 ኪሎ ይጠጋል። ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ የምንመዝንባት የእጅ ሚዛን ለዚህ ትበቃለች፤ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ማንጠልጠልና ጥይቱን በሒሳብ መደመር ነው። መነጽር ሲመርጡ የሚቆጥቧት 200 ግራም ውድ ጠመንጃ ላይ ብዙ መቶ ዶላር የሚከፈልባት ናት።

አፈሙዙ 20 ኢንች ቢሆን ይበቃል። .308 ከ24 ወደ 20 ኢንች ሲያጥር የሚያጣው ፍጥነት በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ነው፤ በ80 ሜትር አጋዘኑም እርስዎም ልዩነቱን አታውቁትም። ጩኸቱ ግን ይብሳልና የጆሮ መከላከያ አይቅር። ኤሌክትሮኒክ የሆነው የቅጠል ኮሽታ ስለሚያሰማ ለጫካ እሱ ይሻላል። ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ይሞቃል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ተኩስ ቦታውን ሲለቅ መነጽሩን ለማረም አይቸኩሉ። ሦስት ተኩሶ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው። ለአደን የምትቆጠረው ከቀዝቃዛ አፈሙዝ የምትወጣዋ የመጀመሪያዋ ጥይት ናት።

ርካሽ ቀላል ጠመንጃዎች ላይ ሌላው ችግር የሚለጠጥ የፕላስቲክ ሰደፍ ነው። አንድ ነጠላ ወረቀት በአፈሙዙ ሥር አዙረው፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ በሰደፉና በአፈሙዙ መካከል ወደ ኋላ ይሳቡት። እስከ ጥይት ማጉረሻው ድረስ ሳይያዝ ከሄደ ጥሩ ነው። ከዚያ የሰደፉን ፊት እንደ ተኩስ ጊዜ በእጅዎ ጨብጠው ወደ ላይ ይጫኑና ይድገሙት። አሁን ወረቀቱ ከተያዘ፣ ዛፍ ተደግፈው ሲተኩሱ ሰደፉ አፈሙዙን ይነካል፣ ጥይቱም ይስታል። ዛፍ መደገፍ ለቀላል ጠመንጃ እጅግ ያስፈልገዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥር አፈሙዙ ይዋልላልና። ግንዱን የሚነካው ግን እጅዎ ይሁን እንጂ አፈሙዙ አይሁን። ምላጩም ከ1.1 እስከ 1.5 ኪሎ ባለው ጉልበት የሚሳብ ይሁን፤ ከዚያ እጅግ የከበደ ምላጭ ቀላሉን ጠመንጃ ይዞት ይዞራል።

ለመነጽር ከ1.5 እስከ 5 ወይም ከ2 እስከ 7 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። በ9 እጥፍ ላይ የተተወ መነጽር በ30 ሜትር የሚያሳየው ስፋት ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አዳኙ ጸጉር እንጂ አጋዘን አያይም። ሲሄዱ ዝቅተኛው ላይ ይሁን። የቀለበቶቹን ብሎኖች በአምራቹ መመሪያ ልክ፣ በመለኪያ መፍቻ ማጥበቅ አይረሳ፤ ቀላል ጠመንጃ በርግጫው ያላላቸዋል። በ100 ያርድ ዜሮ የሆነ (ያነጣጠሩበትን እንዲመታ መነጽሩ የተስተካከለ) ጠመንጃ በ25 ያርድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚመታም ይታወቅ።

ማርሊን 336ን የመሰሉ በ.30-30 የሚተኩሱ ሌቨር አክሽኖች (ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ የሚያጎርሱ ጠመንጃዎች) ለጫካ የተፈጠሩ ናቸው ቢባል አልተጋነነም፤ አጭር፣ ጠፍጣፋ፣ ለእጅ የተመቹ። ጥይቶቹ በቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሚሰለፉ ግን ሹል ጫፍ ያለው ጥይት ፈጽሞ አይግባባቸው። ሹሉ ጫፍ ከፊቱ ያለውን ጥይት ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ቆብ) በርግጫው ወቅት መትቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ወይም ለቱቦ ተብሎ ለስላሳ ጫፍ የተሠራለት ብቻ ይግባ። "ከባድና ዘገምተኛ ጥይት ቁጥቋጦ ሰንጥቆ ያልፋል" የሚባለውንም አትመኑ። ጭራሮ የነካ እርሳስ ሁሉ መንገዱን ይለውጣል፤ ክፍት መስኮት እስኪገኝ መጠበቅ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

የእርሳስ ጥይት ሲሰባበር ብናኙ በዓይን ከሚታየው ቁስል ራቅ ብሎ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ልጆች የሚበሉት ሥጋ ከሆነ የመዳብ ጥይት ይገዛ፤ በ.243 ከ80 እስከ 85 ግሬን ያለው ጥሩ ነው። መዳብ የተለየ ቦታ ሊመታ ስለሚችል እንደገና ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል። የአጋዘን ሥጋ ደግሞ ለክትፎም ለቁርጥም አይሆንም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ሊኖርበት ስለሚችል ጥብስ ሆኖ፣ መሃሉ ድረስ በስሎ ይበላ።

መደብር ሲሄዱ የሚያድኑበትን ወፍራም ጃኬት ለብሰው ይሂዱ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ ሻጩ ወደሚያሳይዎ አስተማማኝ አቅጣጫ አዙረው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ትከሻዎ ላይ ያሳርፉትና ዓይንዎን ይግለጡ። አንገትዎን ሳያንቀሳቅሱ የመነጽሩ ክብ ሙሉ ሆኖ ከታየ ሰደፉ ልክዎ ነው። ሰደፉ ብብት ላይ ከተያዘ ረዝሟል፤ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ 35 ሴንቲ ሜትር ለአጭር ሰውና ለብዙ ሴቶች ይበዛል፣ 32 ወይም 33 ይጠይቁ። ውዱን ትተው መካከለኛውን ከገዙ፣ በተረፈው ገንዘብ ሦስት ካርቶን ጥይት ይግዙና ኖቬምበር ሳይገባ ቆመው፣ ተንበርክከውና ዛፍ ተደግፈው ይተኩሱት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ አንባቢ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ