ሁለት መቀነት ያለው ዓሣ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? ቅባቱን በሰው ልኬዋለሁ፤ በዚህ ሳምንት ባሕር ዳር ይደርሳል።

እታለም በስልክ «አባባ ተቆጥተዋል» አለችኝ። «እኛ ጣና ዳር ተቀምጠን ዓሣ እንበላለን እንጂ አንቀልብም፤ እሱ አሜሪካ ሄዶ በዶላር ዓሣ ይቀልባል?» ብለዋል አሉ። ሳቄ መጣ፤ እውነትዎን ነው ደግሞ። ስልክ ላይ ላስረዳዎት ብል «እሺ፣ እሺ» ብለው ለእታለም ያቀብሏታል። ስለዚህ ጻፍኩት። የባሕር ኃይል ንብረት ክፍል ሚስማር ሳይቀር ቆጥሮ ያስረከበ ሰው ሒሳቡን ከባለቤቱ ቢሰማ ይሻላል።

ለዓሣዎቹ የጨው ውሃ ገንዳ በሰባት ወር ያወጣሁት 414 ዶላር ነው። ለእናንተ ከምልከው አምስት ሳንቲም አልነካሁም። ጠዋት ጠዋት ከፓርኪንጉ ፊት ለፊት የምገዛውን ቡናና ዳቦ ትቼ ከቤት መቋጠር ጀመርኩ፤ ጥቂት ቅዳሜም ትርፍ ሰዓት ገባሁ። መብራት በዚህ ውስጥ የለም። ማሞቂያውና ፓምፑ ሌሊትም ስለሚሠሩ ለአከራዬ ለእትዬ በወር 10 ዶላር እጨምርላቸዋለሁ። ይኼንን ደብቄ ቢያገኙት አይምሩኝም ብዬ ነው።

ነገሩን የጀመረው ባልቲሞር ያለው ትልቁ አኳሪየም፣ የባሕር እንስሳት የሚታዩበት ቤት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ልጆቹን ሲወስድ እኔንም ጎተተኝ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ሳይ ትዝ ያለኝ ምን መሰለዎት? ልጅ ሆኜ መብራት ጠፍቶ ኩራዝ ለኩሰን የነገሩኝ። ምጽዋ፣ ጉርጉሱም ዳርቻ፣ ውሃው ውስጥ አንገትዎን ደፍተው ሲያዩ፣ አበባ የመሰለ ነገር በጣቶቹ ሲርመሰመስ፣ መሐሉ ደግሞ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ዓሣ እንደ ቤቱ ሲገባ ሲወጣ። ከ1962 እስከ 1970 ምጽዋ ኖረው ስለ ምጽዋ ያወሩኝ ያንን ብቻ ነው። በቃሬዛ ስለወጡበት ቀን እንኳ የሰማሁት ከእማማ ነው።

ሰው ሁሉ «የጨው ውሃ የሀብታም ነው» ይላል። አዲስ ከገዙት ነው። እኔ 75 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ከነማስቀመጫው በ40 ዶላር ከአንድ ቤት ለቃቂ ገዛሁ። ጓሮ አውጥቼ ውሃ ሞላሁበትና ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፌ ሁለት ቀን ጠበቅኩ፤ አላፈሰሰም። ከዚህ ያነሰውም ርካሽ አይደለም፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር ጥፋቱ ይፈጥናል። መብራቱም አሮጌ ነው፣ 60 ዶላር። ማሞቂያውን ግን አዲስ ገዛሁ። ያ ከተበላሸ ዓሣውን ይቀቅለዋልና እዚያ ላይ አልቆጠብኩም። ደረቅ ድንጋይና አሸዋ፣ ውሃውን እንደ ማዕበል የሚያናውጥ ትንሽ ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ ጨው፤ ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጫለሁ።

የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ክሎሪኑ አለ፣ መዳብም ሊኖረው ይችላል፤ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይፈጃል። ስለዚህ የተጣራ ውሃ ከሱቅ በጀሪካን እሸከማለሁ። ጨው ስልዎት የወጥ ጨው እንዳይመስልዎት። ካልሲየምና ማግኒዚየም የሌለበት ጨው ባሕር ሥር እንደ ተክል ለሚበቅለው ለኮራል ምንም አይረባም። አሞሌም ያው ነው። የአፋር ጨው ከቀይ ባሕር የቀረ መሆኑን ያውቃሉ? ዳናክል ባሕር የነበረበት ዘመን አለ፤ የሞተ ኮራል ዛሬም በረሃው ላይ ተገትሮ ይገኛል። ግን ባሕር ሲደርቅ ካልሲየሙ ቀድሞ ለብቻው ይዘቅጣል፣ አሞሌ ሆኖ የሚቆረጠው የወጥ ጨው ብቻ ነው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ገንዳው ውሃ ሞልቶ፣ ሞቆ፣ እየተናወጠ 38 ቀን አንድም ዓሣ አልነበረበትም። የዓሣ ኩስና ትርፍራፊ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ይገድላል። እሱን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ምንም አይገባም። ከሱቁ የቆየ ገንዳ ቡጢ የምታህል ድንጋይ ገዝቼ እንደ እርሾ ጨመርኩበት፤ በየቀኑም ቁንጥር የዓሣ ምግብ እበትንበታለሁ። እትዬ ወደ ቤዝመንት ወርደው አዩኝና «ለማን ነው የምትሰጠው?» አሉ። ለባክቴሪያ ብል ጠበል ሊወስዱኝ ነው። «ለውሃው» አልኳቸው። አማተቡና ወጡ። ቀጥሎ ድንጋዩ በሙሉ ቡናማ አቧራ የመሰለ አልጌ ለበሰ። ተበላሸ ብዬ ልደፋው ነበር፤ አዲስ ገንዳ ሁሉ የሚያልፍበት ነው፣ በራሱ ጊዜ ለቀቀ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርዎት። ኮራሉና ቀንድ አውጣዎቹ ከገቡ በኋላ ነው። ውሃው በቀን አንድ ሊትር ያህል ይተናል። እኔ ሞኙ የጎደለውን በጨው ውሃ እሞላለሁ። ጨው እንደማይተን ማድ ቤት ያደገ ልጅ ማወቅ ነበረበት፤ ወጥ ሲንተከተክ ይጨሳል እንጂ ጨው ይቀንሳል? አሥር ቀን እንዲህ ሞላሁ። አንድ ጠዋት ኮራሉ እንደ ቡጢ ተጨብጦ፣ ትልቁ ቀንድ አውጣ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። አውጥቼ ሳሸተው፣ አባባ፣ ለሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም። ውሃውን በጠርሙስ ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ጠብታ መለኪያው መስታወት ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን ዞረና «1.031» አለኝ። ቁጥሩ የጨው ውሃው ከንጹሕ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው። መሆን ያለበት 1.025 ወይም 1.026 ነው፤ በሊትር 35 ግራም ጨው ገደማ። የእኔ 41 ደርሷል።

ቤት ገብቼ ሳነብ ቀይ ባሕር ራሱ ወደ 40 እንደሚጠጋ አየሁ። ፀሐዩ ያተነዋል፣ የሚገባበት ወንዝ የለም። እኔም ሳላስበው ምጽዋን ሠርቼ ኖሯል። የምጽዋ ቀንድ አውጣ ቢሆን ይችለው ነበር ይሆናል፤ የእኔው በ35 የኖረ ነው። ያን ዕለት መለኪያውን በ22 ዶላር ገዛሁ፤ መጀመሪያ ከገንዳው ጋር መግዛት ነበረብኝ። ውሃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በአራት ቀን ቀስ እያልኩ አቀለልኩት። ዛሬ መስታወቱ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ መሥመር አስምሬያለሁ፤ ከመሥመሩ ሲወርድ ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ብቻ።

ያሉኝ ዓሦች ሁለት ናቸው፣ ክላውንፊሽ የሚሏቸው፤ ከባሕር የተያዙ ሳይሆኑ ገንዳ ውስጥ የተፈለፈሉ፣ አንዱ 25 ዶላር። ሲወለዱ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ከሁለቱ የበላዩ ኋላ ሴት ይሆናል። ይኼንን ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ኮራሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱን ሰፈር ያሉ ሽማግሌ ፈረንጅ ከራሳቸው ገንዳ ቆርጠው ድንጋይ ላይ አጣብቀው በነጻ ሰጡኝ። ሻጩ ደግሞ አንድ የሚያምር አሳይቶኝ «በባዶ እጅ አትንካው፣ መርዝ አለው» ቢለኝ ተውኩት፤ የሌሊት ሥራ ገብቼ ስመለስ ዓይኔን የማሸት ልማድ አለብኝ።

የሽማግሌው ኮራል ማታ ሲያዩት ሐምራዊ ምንጣፍ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። መብራቱ በበራ በሩብ ሰዓት ከምንጣፉ አንድ አረንጓዴ ጣት ብቅ ይላል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም፤ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ስምንት ቅጠል ይዘረጋል። ፓምፑ ሲያናውጠው ነፋስ የመታው የጤፍ ማሳ ይመስላል። ይኼ እንስሳ ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ የያዘው አልጌ በብርሃኑ ይመግበዋል። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እሱን ነው የማየው።

አንድ ነገር ግን ልክ አልመጣልኝም። የእኔ ዓሦች መቀነታቸው ሦስት ነው፤ አገራቸውም ከሕንድ ውቅያኖስ ወዲያ ማዶ ነው፣ ቀይ ባሕር አይኖሩም። የቀይ ባሕሩ በእርግጥ ሁለት መቀነት ነው ያለው፤ ስሙም ያንኑ ነው የሚለው። ያዩት እሱን ነው። ሲያድግ ግን ለእኔ ገንዳ ይበዛበታል።

መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ብርቱካን ነው። እርስዎ ሲነግሩኝ «ቢጫ» ያሉ ይመስለኛል። የቱ ነበር? ጉርጉሱም ነው ወይስ በመርከብ ዳህላክ ስትሄዱ ያዩት? ማን ነበር አብሮዎት የነበረው?

እሑድ በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እታለም በቪዲዮ ትደውልልኝ። እዚህ ቀን ነው፣ መብራቱም በርቷል። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግቼ እይዛለሁ፤ መነጽርዎን ያድርጉ።

ልጅዎ