የምዕራብ ሰሃራ ቋጠሮ መዝገቡ ላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሞሮኮ የኔ ነው ስለምትለው፣ የነጻነት ንቅናቄው ፖሊሳሪዮ ደግሞ ነጻ አገር እንዲሆን ስለሚታገልለት ምዕራብ ሰሃራ ሲነሳ «ሕዝበ ውሳኔ አድርገው ይገላገሉ» የሚል ሐሳብ ደጋግመን እናነባለን። ያስቸገረው ግን የድምፅ መስጫው ሳጥን ሳይሆን የመራጮች መዝገብ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ተኩስ ሲቆም ለመራጮች መዝገብ መነሻ የተደረገው ያኔ ቅኝ ገዢ የነበረችው ስፔን በ1974 ያካሄደችው ቆጠራ ነበር፤ ወደ 74,000 ሰው። ሞሮኮ ሌሎች ጎሳዎችም ይካተቱልኝ አለች፣ ፖሊሳሪዮ እምቢ አለ። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪዎች ከሁለቱም ወገን የጎሳ ሽማግሌ አስቀምጠው አመልካቹን አንድ በአንድ በዘር ሐረጉ ሲመረምሩ ዓመታት ፈጁ። ማጣሪያውን ያለፉት 86,000 ገደማ፣ ይግባኙ ከ130,000 በላይ ሆነ፤ እዚያው ላይ ቆመ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ፖሊሳሪዮ ያወጀውን ሰሃራዊ ሪፐብሊክ በ1982 አዲስ አበባ ላይ በአባልነት ተቀብሏል። እባካችሁ፣ በደፈናው «ተገንጣይ ግዛት» ብላችሁ አትለፉት።

ከአንባቢያችሁ፣ ጅማ