ዋና ለማትችለው ልጄ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ዘንድሮ ጉድ ነው። ጠዋት ስወጣ ጎመኑ ላይ ውርጭ አርፎ አገኛለሁ። አባትሽ ጋቢውን እንደተከናነበ ነው ቁርስ የሚበላው።

ስልክ ላይ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለፈረንጆቹ ገና ቢሮአችሁ ሲዘጋ ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር ከናይሮቢ ዋታሙ ወደሚባለው የኬንያ ባሕር ዳርቻ ልትወርዱ ነው፤ እሰየው። እነሱ መነጽርና ቱቦ አድርገው ሊዋኙ፣ አንቺ ደግሞ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር ልትሄጂ። «እማ፣ ከማፍር ሆቴል ብቀር ይሻለኛል» አልሽ። ወጥ ጥጄ ስለነበር ቶሎ ዘጋሁት እንጂ ብዙ የምለው ነበረኝ።

ለመሆኑ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ሰበታ አድጎ ዋና የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ነው ያሳደግንሽ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጅ እንዳይጠጋ በዱላ የምናባርር ሰዎች ነን። ደግሞ እነዚያ ጓደኞችሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሚገቡት፣ ግማሹን ጊዜ መነጽራቸው ውስጥ የገባውን ውኃ ሲያፈሱ ነው የሚያሳልፉት። አንቺ ደረቅ ልብስ ለብሰሽ፣ እየተነፈስሽ፣ አንድ ነገር ላይ ዓይንሽን ተክለሽ ታያለሽ። ለማየት ከሆነ የሄድሽው የአንቺ ይበልጣል። እንደ እነሱም በመዋኛ ጫማ ኮራሉን፣ ያን ልታዩት የምትሄዱትን የባሕር ሥር አለት፣ አትረግጪውም።

ጀልባውን ልንገርሽ። መሐሉ ተከፍቶ ወፍራም መስታወት ይገጠምለታል። ሰው ዙሪያውን ይቀመጥና ሁሉም ወደ መሐል አጎንብሶ ያያል። ከላይ ጣራ አለው። ጣራው ለፀሐይ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ብርሃን መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ ጭምር ነው። እንዲህ ያሉ ጀልባዎች መጀመሪያ ስም ያወጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግስ በሚባል ምንጭ ላይ ነው። ስፖንጅ የሚለቅሙ የግሪክ ባሕረኞች ደግሞ ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ ውኃው ላይ ጫን አድርገው ሥሩን ያዩ ነበር።

ምስጢሩ ያን ያህል አይደለም። ከላይ ሆነሽ ስታዪ የሚያስቸግርሽ የውኃው ገጽ ነው። ሞገዱ ብርሃኑን ይሰባብረዋል፤ ሰማዩም ገጹ ላይ ያንጸባርቃል። መስታወት ሲጫነው ገጹ ይስተካከልና ዓይንሽ ዘልቆ ይገባል። አንድ ነገር ግን እወቂ፤ ከላይ ቁልቁል ስታዪ 4 ሜትር ጥልቀት ያለው 3 ሜትር ይመስልሻል። ሳንቲም ስኒ ውስጥ ጥለን ውኃ ስናፈስበት ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚሁ ነው። ታዲያ «እዚህ ጋማ እቆማለሁ» ብለሽ እንዳትዘዪ።

ይህን የመስታወት ነገር ከዘጠነኛ ክፍሎቼ ጋር ሞክረነዋል። እዚሁ ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከሉ ኩሬዎች ዘንድ ለጉብኝት ወስጃቸው ነበር። ግልጽ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ይዘን፣ ታቹን ውኃው ላይ ጫን እያደረግን በተራ አየን። የሚታየው አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ተንበርክኮ ብዙ ጠበቀና «ቲቸር፣ ምንም የለም» አለኝ። ይህን ከማለቱ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ብቅ አለ። ከፕላስቲኩ ሥር አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የቅርፊቱ ጠርዝ አንድ በአንድ ይታያል። ልጁ ደንግጦ ምሳ ዕቃውን ኩሬው ውስጥ ለቀቀው። እስካሁን ስሙ «ቆሮሶ» ሆኖ ቀርቷል።

ለምን እንዲህ አረንጓዴ ሆነ ብለው ጠየቁኝ። ሆን ተብሎ ነው። ዓሣ አርቢዎች ኩሬው ውስጥ ፍግ ይጨምራሉ፤ ፍጉ አልጌ የሚባለውን እንደ ተክል ያለ አረንጓዴ የውኃ ፍጥረት ያበቅላል፤ አልጌውን ቆሮሶው ይበላል። የለማ ውኃ ድፍርስ ነው። አንቺ የምታዪው ባሕር ጥርት ያለው ደግሞ ድሃ ስለሆነ ነው። በውኃው ውስጥ ምግብ የሚሆን ነገር በጣም ጥቂት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሕይወት ከየት መጣ? የኮራል አለት ከዓለም የባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳን አይሸፍንም። ግን ከምናውቃቸው የባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በዕድሜያቸው የሆነ ጊዜ ላይ እሱን ይጠጋሉ ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው። ሰው ሁሉ መስታወቱ ላይ ተደፍቶ ዓሣ ዓሣውን ነው የሚያየው። አንቺ ድንጋዩን እዪው። ድንጋይ የሚመስለው ነገር እንስሳ ነው። ክፍል ውስጥ ከሃይድራና ከጄሊፊሽ ጎን ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩት እሱ ነው። እያንዳንዷ ፖሊፕ፣ ማለትም እያንዳንዷ ትንሽ የኮራል እንስሳ፣ ብዙውን ጊዜ ከጤፍ ፍሬ ተነሥታ እስከ ጥፍርሽ ስፋት ብትደርስ ነው። አፍ አላት፣ በአፏ ዙሪያ መያዣ ክሮች አሏት። ከሥሯ የእንቁላል ቅርፊት ከተሠራበት ከዚያው ካልሲየም ካርቦኔት ቤት ትሠራለች። ሥጋዋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። ይህ አልጌ ተከራይ ነው በይው። ኪራዩን የሚከፍለው በምግብ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራና አብዛኛውን ለአከራዩ ይሰጣል። አከራዩ ደግሞ ቤትና ከራሱ የተረፈውን ፍሳሽ እንደ ማዳበሪያ ይሰጠዋል። በድሃ ውኃ ውስጥ ሀብታም ሰፈር የተመሠረተው በዚህ ውል ነው።

ውሉ የሚፈርሰው ሲሞቅ ነው። ባሕሩ በዓመቱ ሞቃት ወር ከለመደው በላይ 1 ዲግሪ ያህል ጨምሮ ሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ ተከራዩን ያስወጣል። ቀለሙ ከአልጌው ጋር ይሄዳል፤ ነጩ አጥንት በገላው አልፎ ይታያል። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ይመለሳል። ከዘገየ ግን በረሃብ ያልቃል። በፈረንጆቹ 1998 ምሥራቅ አፍሪካን የመታው ሙቀት የኬንያን ኮራል ክፉኛ ጨርሶታል። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ዓለም አቀፉ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱን አስታውቋል።

ስለዚህ በፎቶ እንደምታዪው ሁሉም ነገር ሮዝና ብርቱካናማ ካልሆነ አትከፊ። ደህና ኮራል ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው፣ ወይ አረንጓዴ የቀላቀለ ቡና ዓይነት። ያ ቀለም የአልጌው ነው። ደግሞ ውኃ ቀይ ብርሃንን ቀድሞ ስለሚውጥ፣ ጥቂት ሜትር ወረድ ሲል ሁሉም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፎቶዎቹ ላይ ያለው ቀለም የመብራትና የስልክ ሥራም አለበት። እኔን የሚያስፈራኝ ነጩ ነው። በአቧራማ አልጌ የተሸፈነ ግራጫ ፍርስራሽ ካየሽ እሱ ከሞተ ቆይቷል።

ትልልቅ ክብ ቋጥኝ የሚመስሉ ኮራሎች ታገኛለሽ። በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድጉት። የአንቺን ቁመት የሚያህል ካየሽ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ሳትቆረቆር ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። መልሕቅ ሲጣልበት በአንድ ደቂቃ ይሰበራል። ጀልባው ሲቆም ልብ በዪ፤ ከሥር ታስሮ ውኃው ላይ ከሚንሳፈፍ ኳስ ጋር ከተሳሰረ ደግ ነው። መልሕቅ ወረወሩ? ጠይቂ፣ አትፈሪ። ዋታሙና ጎረቤቷ ማሊንዲ ከፈረንጆቹ 1968 ጀምሮ የተከለሉ የባሕር ፓርኮች ናቸው፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ናቸው። ሕግ አላቸው።

ዓሣውንም አትዪ አላልኩም። በቀቀን ዓሣ የሚሉትን ፈልጊ። እንደ ስሙ የበቀቀን መንቁር የመሰለ ጥርስ አለው። ኮራሉን ሲቆረጥም ጀልባው ጸጥ ካለ ይሰማል ይላሉ የጠለቁ ሰዎች። አለቱ ላይ ያለውን አልጌ ይበላና ድንጋዩን ፈጭቶ በኋላው ነጭ አሸዋ አድርጎ ይለቀዋል። እዚያ የምትተኙበት ነጭ አሸዋ አንዳንዱ የእሱ ሆድ ውስጥ ያለፈ ነው። ለጓደኞችሽ ምሳ ላይ ንገሪያቸው። ባለ ነጭ መስመሩ ክላውን ዓሣ ደግሞ አኒሞን በሚባል፣ አበባ በሚመስል ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ክሮች መሐል ይኖራል። ከቤተሰቡ ትልቋ ሴቷ ናት፤ እሷ ስትሞት ዋናው ወንድ ወደ ሴትነት ይለወጥና ቦታዋን ይይዛል። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር የሚነሣውን ጫጫታ ታውቂዋለሽ።

አንዳንድ ጀልባ ላይ ዓሣ ለመሰብሰብ ዳቦ ይበትናሉ አሉ። ቱሪስት ደስ እንዲለው ነው፤ ገንዘብም ይጠየቅበታል። አትስጪ። አልጌ መጋጥ ያለበት ዓሣ ዳቦ ሲለምድ ኮራሉን የሚያጸዳለት ያጣል። ደግሞ ዳቦው የሚሰበስበው ደፋር ደፋሩን ዓሣ ብቻ ነው፤ የሚያፍሩት ሁሉ ይሸሻሉ።

ሌላ ነገር። ከማሊንዲ በስተሰሜን ሳባኪ የሚባል ወንዝ ባሕር ይገባል። ሳባኪ የሚሉት ያ ናይሮቢ አካባቢ የሚያልፈው አቲ ነው፤ መሐል ላይ ጋላና ይሆንና መጨረሻው ላይ ስሙን ይቀይራል። ዝናብ ሲጥል አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ባሕሩ ይቀላል። አፈሩ ብርሃን ይከለክላል፣ ኮራሉ ላይም ይተኛል። እንግዲህ አንቺ ቢሮ ሄደሽ በምትመለሺበት ከተማ ዙሪያ የታረሰው መሬት እዚያ ይደርሳል። የእኛ አቃቂ ከነቆሻሻው አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። «ተመስገን» እንዳትዪ። ገናሌ አለልሽ። ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆንና ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። የእኛም ደጋ አፈር ከባሕር አልቀረም።

አጎትሽ እሑድ መጥቶ ነበር። ምጽዋ በባሕር ኃይል እንደነበረ ታውቂያለሽ፤ ስለ መስታወቱ ጀልባ ስነግረው ሳቀ። ለመርከበኛ ኮራል ጠላት ነው አለኝ፤ የመርከብ ሆድ የሚቀድ። ፀሐይ ከኋላቸው ስትሆን የውኃውን ቀለም አንብበው ነው የሚሸሹት፤ ቡናማ ከሆነ ጥልቀት የለውም። የድሮው ምጽዋ ቤቶች ግን ከዚያው ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ዋታሙ አጠገብ ጌዲ የሚባል የፈረሰ የስዋሂሊ ከተማ አለ፤ ግድግዳው እንዲሁ የኮራል ድንጋይ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ግቡ። እሱማ ዋና አይጠይቅም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ጀልባው የሚወጣበትን ሰዓት ራስሽ ጠይቂ፤ ባሕሩ ወደ ኋላ በሸሸበት ሰዓት ነው ኮራሉ ወደ መስታወቱ የሚቀርበው። ወቅቱ ጥሩ ነው፤ እነሱ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ጊዜ ስለሆነ ባሕሩ ረጋ ይላል። የሆቴሉ ሰው «ማንኛውም ሰዓት ይሆናል» ካለሽ ሌላ ሰው ጠይቂ። ቁልቁል እያዩ መቆየት ያዞራል። ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፣ ዝንጅብል ያዢ። ሲያጥወለውልሽ ቀና በዪና ሩቅ አድማሱን እዪ። ለፀሐይ ቅባት ከምታበዢ ረጅም እጅጌ ልበሺ፤ አንዳንዱ ቅባት ውስጥ ያለው ኦክሲቤንዞን ኮራል ይጎዳል ተብሎ ሃዋይና ፓላው ከልክለውታል። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስም አትያዢ፤ ኬንያ ከፈረንጆቹ 2020 ጀምሮ ፓርኮቿ ውስጥ አታስገባም።

ጀልባ ነጂው ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ፣ ከፈረንጆቹ 1998 በፊት እዚያ ምን ይታይ እንደነበረ ጠይቂልኝ። የሚልሽን በስልክሽ ቅጂው። ቪዲዮ ደግሞ ድንጋዩን አንሺልኝ፤ ራስሽን ካነሳሽ በኋላ ማለቴ ነው። ለዘጠነኛ ክፍሎች አሳያቸዋለሁ። ቆሮሶ የሚሉት ልጅ ኮራል እንስሳ ነው ስለው እስካሁን አላመነኝም።

እናትሽ

አባትሽ ደግሞ «ውኃው ጉልበቷ ላይ ቢሆንም ላይፍ ጃኬቱን ታድርግ» ብሎሻል። ከጀልባው ስትወርዱ ደውይለት፤ ካልደወልሽ እኔን ነው የሚነዘንዘኝ።