ድጋፉ ይምጣ፣ እርሳሱ ይቅር

ይድረስ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ለኪነ ጥበብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ከሳንሱር እንዲለይ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከቦሌ አራብሳ ነው። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር የአማተር ቲያትር ቡድን አለን። እኔ አሠለጥናለሁ፣ ድርሰት አያለሁ፣ ሲቸግር መጋረጃም እሰቅላለሁ። ደሞዝ የለውም። ወድጄው ነው የምሠራው።

መንግሥት ከኪነ ጥበብ እጁን ያውጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አገር ፍቅርም ሆነ ብሔራዊ ቲያትር ዛሬም መብራታቸው የሚበራው በመንግሥት በጀት ነው። የቲኬት ገቢ ብቻውን ያንን ሁሉ ሕንፃና ሠራተኛ አይሸከምም። እኛ ዳር ላይ ያለን ደግሞ ይበልጥ ድጋፍ ያስፈልገናል። ከዚህ ተነስቶ ቲያትር ለማየት መሃል ከተማ መግባት ማለት መገናኛ ድረስ አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ነው። ማታ ሲያልቅ መመለሻው ጭንቅ ነው። ልጆች ያሏት እናት አትሞክረውም። ስለዚህ ቲያትሩ ወደዚህ መምጣት አለበት። ስፖንሰር እንፈልግ ብንል፣ የመጠጥ ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ከተገደበ ወዲህ ትልልቆቹ አዘጋጆች እንኳ ተቸግረዋል። ለእኛ ብጤ ማን ይሰጣል?

እና ድጋፍ ጠየቅን። ደብዳቤዬ የዚያ ድጋፍ ነገር ነው።

አንድ ድርሰት አዘጋጅተን ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። 4ኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት አለች። ውሃ ይጠፋል። ጀሪካን ይዛ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ጎረቤቶቿ ያግዟታል፣ በወረፋ ደግሞ ይጣሏታል። መጨረሻ ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢው ውሃው በቅርቡ ይመጣል ይላል፤ ቤቱ ያጨበጭባል። እሷ አታጨበጭብም። ለምን ስትባል፣ «ባለፈው ይመጣል ስትሉኝ አጨብጭቤያለሁ። ዛሬ እጄ ጀሪካን ይዟል» ትላለች።

ድርሰቱን ስሙን ለማላነሳው አንድ መሥሪያ ቤት አስገባን። ድጋፉ አዳራሽ፣ የድምፅ መሣሪያና ትንሽ የትራንስፖርት ገንዘብ ነበር። ቅጂው ሲመለስልን ያቺ የአሮጊቷ ንግግር በእርሳስ ተሰርዛለች። ዳሩ ላይ «ገንቢ ይሁን» ተብሎ ተጽፏል። መብራት ጠፍቶ ጎረቤታሞች ሻማ የሚዋዋሱበት ትዕይንት አጠገብ ደግሞ «አስፈላጊ ነው?» የሚል አለ። ፊርማ የለም፣ ማኅተም የለም፣ ቀን የለም። ማን ነው የሰረዘው ስንል «ኮሚቴው ነው» ተባልን። ኮሚቴውን እናናግር ስንል «አስተካክላችሁ አምጡ፣ ችግር የለውም» አሉን።

ይህን ልብ በሉልኝ። «አይታይም» ያለን ሰው የለም። የከለከለን የለም። ብቻ ድርሰቱ ሳይስተካከል አዳራሹ አልተገኘም፣ ገንዘቡም አልተለቀቀም። ይግባኝ የምንልበት ወረቀት እንኳ በእጃችን የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ከልጆቻችን አንዷ 17 ዓመቷ ነው። ጥሩ ትጽፋለች። ታክሲ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት የሰማችውን አነጋገር ይዛ ትመጣለች። በፊት አዲስ ትዕይንት ስታሳየኝ «ጋሼ፣ ያስቃል?» ነበር የምትለኝ። አሁን ወረቀቱን ገና ሳልገልጠው «ጋሼ፣ ያልፋል?» ትላለች። በቀደም ያመጣችው ውስጥ አንዲት እናት ዘይት ተወደደ የምትልበት መስመር ነበር። ራሷ ሰርዛዋለች። ማንም አልነካባትም፣ ማንም አላየባትም። «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለችኝ። ከነገ ጀምሮ አንድም ገምጋሚ ባይኖር እንኳ እሷ መሰረዟን ትቀጥላለች። ይህን ልጅ ውስጥ ከገባ በኋላ በምን በጀት ነው የምታወጡት?

ሕጉ እንዲህ አይልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነት ተረጋግጧል ይላል። እዚያው ንዑስ አንቀጽ ሥር የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ ክልክል ነው። (ክልከላው የተጻፈው ለፕሬስ ነው የሚል የሕግ ባለሙያ አይጠፋም። ጋዜጣው ሳይታተም አይመረመርም እየተባለ ቲያትሩ ሳይታይ የሚታረምበት ምክንያት ግን አይገባኝም።) አንቀጽ 91 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ አለበት ይላል። ሁለቱም አንድ ሰነድ ውስጥ ናቸው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን ተዉ የሚል መስመር የለበትም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አለመሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የቤተ መንግሥቱን ሰዎች አስከፍቶ በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ ታግዷል። ከሁሉ የሚያመኝ ግን የደራሲው የበዓሉ ግርማ ነገር ነው። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ የሄደውም በመንግሥት ሥራ ነው። ያንኑ ዘመቻ የሚተቸውን ልብ ወለዱን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመለት ኩራዝ አሳታሚም የመንግሥት ነበር። ደሞዙም፣ መንገዱም፣ ማተሚያውም ከአንድ ኪስ ማለት ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የዛሬው ጊዜ ያ ጊዜ ነው አላልኩም፣ አይደለምም። የሚከፍለውና የሚፈቅደው እጅ አንድ ሲሆን ጸሐፊው መሸሻ እንደሌለው ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ሩቅ አገርም ሆኗል። ደቡብ ኮሪያ በፕሬዚዳንት ፓርክ ጊዩን-ሄ ጊዜ የመንግሥት ድጋፍ እንዳይደርሳቸው በስውር ስማቸው የተያዘ አርቲስቶች ነበሩ። ዝርዝሩ ውስጥ ከ9,000 በላይ ስም ነበር። ከመካከላቸው ዓለም ያወቃቸው የፊልም ዳይሬክተሮች አሉ። ነገሩ ሲወጣ የባህል ሚኒስትሯ ራሳቸው በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ታሰሩ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ገንዘብ መንፈግም ሳንሱር ሊሆን እንደሚችል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የታየ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

የአገሩን ሁኔታ አታይም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አያለሁ። እኛ ብሎክ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አንድ ደረጃ እየወጣ ነው የሚኖረው። በብሔርና በሃይማኖት የሚያጋጭ ነገር መድረክ ላይ እንዲወጣ እኔም አልፈልግም። ለዚያ ግን የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። አጠፋ የተባለ ይከሰስ፣ ይከራከር፣ ዳኛ ይፍረድበት። የውሃ ወረፋ የጥላቻ ንግግር አይደለም። የድሮ ገዢዎች እንኳ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር፤ የሕዝቡን ሆድ ማወቅ ይጠቅማቸው ስለነበር። ያቺ አሮጊት የምትለውን መስማት እናንተንም ይጠቅማችኋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በጀቱን የሚመድበው አካልና ሥራውን የሚመዝነው አካል ይለያዩ። እንግሊዞች ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ምክር ቤት ከሚኒስቴር ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርገዋል። እዚያም ቅሬታ አይጠፋም፣ መንገዱ ግን ለእኛም ይሆናል። መዛኞቹ የሙያው ሰዎች ይሁኑ፤ በየጊዜው ይቀያየሩ፤ ስማቸው ይታወቅ። ድርሰቱ በደንብ ተሠርቷል ወይ፣ ቡድኑስ ይወጣዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። ማንን ደስ ያሰኛል፣ ማንን ያስከፋል የሚለው ሥራቸው አይሁን።

ለበዓልና ለዘመቻ የምታሠሩትን ድራማ አልቃወምም። ለችግኝ ተከላ ሥሩ ተብለን ሠርተናል፣ ደስ ብሎን ነው የሠራነው። ያ ግን የታዘዘ ሥራ ነው። ዋጋው ተነጋግሮ ይከፈል እንጂ ለኪነ ጥበብ ከተያዘው ላይ አይቆረስ። የወረዳ አዳራሾችና የወጣት ማዕከላት ደግሞ ስብሰባ በሌለበት ቀን ባዶ ናቸው። ወረፋ ይውጣና ቀድሞ የተመዘገበ ይጠቀምባቸው። እኛ አሁን የምንለማመደው ኮሙናል ውስጥ ነው። ለቅሶ ሲኖር እንወጣለን፣ በበዓል ዋዜማ በግ ሲታረድ እንወጣለን፣ ሲጸዳ ተመልሰን እንገባለን።

ከሁሉ አንዱን ብቻ እናደርጋለን ካላችሁ ግን ይህን እመርጣለሁ፦ ድጋፍ የተከለከለ ሰው ሁሉ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ ያግኝ። ስሙን መጻፍ ያለበት ሰው አንድ መስመር ከመሰረዙ በፊት ሁለቴ ያስባል። እኛም ትክክል ሆኖ ካገኘነው እንቀበላለን፣ ካልመሰለን ይግባኝ እንላለን።

ይህን ጉዳይ የሚያይ ባለሙያ ብትልኩልን ድርሰቱን ሳናስተካክል፣ ከነአሮጊቷ ንግግር፣ ኮሙናላችን ውስጥ ሠርተን እናሳየዋለን። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሁሌም እዚያ ነን። ለዚህ ደብዳቤ የምትሰጡንን መልስም በጽሑፍ ብታደርጉልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአማተር ቲያትር አሠልጣኝ
ከቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ