ከቤይሩት ሳልወጣ

ይድረስ ለልጄ፣

ባለፈው ስንደዋወል «እማ፣ መምጣትሽ ደስ ያለሽ አይመስልም» ስትይኝ ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

መምጣቴማ ደስ ይለኛል። ግን ቤይሩትን መልቀቅ እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም። ይህቺ ከተማ እኮ እንደ ሰው ቆጥራኝ አታውቅም። ከፋላ የሚሉት ነገር አለ። የመኖሪያ ወረቀትሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤቷ ወጣሽ ማለት ሕገወጥ ሆንሽ ማለት ነው። የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። የመጀመሪያዋ ማዳም ፓስፖርቴን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። ያኔ ሂጂ ብባል እየዘፈንኩ ነበር የምወጣው።

አሁን የሚከብደኝ እሑድ ነው። እሑድ ዶራ እንሄዳለን። አደባባዩ ላይ የሚኒባሱ ጩኸት፣ አለፍ ሲል ቡርጅ ሐሙድ፣ የአርመኖቹ ሰፈር። መሀል ለመሀል የሐበሻ ሱቅ፣ በርበሬ፣ እንጀራ፣ ፀጉር ቤት። ሐሜቱ ደግሞ አይጣል ነው! ዕቁባችንም እዚያው ነበር። የአያትሽን ቤት ቆርቆሮ ያስለወጠው የዶራ ዕቁብ ነው።

ሊራው ሲወድቅ ያየነውን አልነገርኩሽም። በ1,500 ሊራ ይመነዘር የነበረው ዶላር ውሎ አድሮ 90,000 ገደማ ገባ። ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ሐበሻ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያወረዱ ሄዱ። አስፋልት ዳር ነው ያደሩት። ከዶራ ምግብ እናመላልስ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር አሉ። ለአያትሽ «ትንሽ መስታወት ተሰበረ» ያልኳት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። በሩ ከነመቃኑ ወልቆ ኮሪደሩ ላይ ወድቆ ነበር።

ቴታን ታስታውሻታለሽ፣ በቪዲዮ ሰላም የምትልሽን አሮጊት። አረፈች። ወረቀቴ በእሷ ስም ስለነበር የኔም ነገር አብሮ አለቀ። ልጆቿ ካናዳ ናቸው። እኔ እሷን ሳጥብ፣ መድኃኒቷን ስሰጣት፣ ሌሊት ስትባንን እጇን ስይዛት፣ አንቺ እዚያ የኔን እናት ታጥቢ ነበር። በማትሪክ ሰሞን እንኳ። ቴታን እወዳት ነበር። ይህን ስልሽ ሊከፋሽ ይችላል፤ ቢከፋሽም አልፈርድብሽም። ለቅሶዋ ላይ ግን ከኔ በላይ ያለቀሰ የለም። አንዷ ጎረቤት ግራ ገብቷት ታየኝ ነበር። የማለቅሰው ለማን እንደሆነ እኔም በደንብ አልለየሁትም።

ለማንኛውም ሻንጣዬ ሁለት ነው። ወርቅ የለም፤ ለሰፈሩ ሰው ከአሁኑ ንገሪልኝ። ዛዕተር ይዤልሻለሁ፣ በዘይት ለውሰሽ ዳቦ ላይ ነው የሚቀባው። አጎትሽ ሚኒባስ ተከራይቼ ቤተሰቡን አመጣለሁ ያለው ይቅር። ኤርፖርት አንቺ ብቻ ነይ።

«በአንቺ ቦታ እኔ ልሂድ» ያልሽኝንም አልረሳሁትም። በስልክ የሚወራ አይደለም። ቤት ስገባ፣ አያትሽ ስትተኛ፣ ቁምሳጥኑንም ዶራንም ቁጭ ብዬ አወራሻለሁ። ከዚያ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። እስከዚያ ግን ለዚያ ደላላ ጉርድ ፎቶ እንኳ እንዳትሰጪው።

እናትሽ