ድሬዎች፣ ለልጆቻችን ኮምፒውተር ክፍል 191,500 ብር ቀርቶናል

እንዴት ናችሁ አቦ። ይሄን የምጽፈው ታይዋን ገበያ ያለው ሱቄ ቁጭ ብዬ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ስለሆነ ቢዘበራረቅም ጨርሳችሁ አንብቡልኝ። ሳቢያን ያለ አንድ የመንግስት ትምህርት ቤት ወላጆችና መምህራን ሆነን ኮሚቴ አቋቁመናል፣ እኔም ወሬ አበዛሽ ተብዬ መሰለኝ ጸሀፊ አደረጉኝ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ መምህራኑ በቴሌግራም ማስተማር ጀመሩ፣ ያኔ ሌላ አማራጭም አልነበረም እግዜር ይስጣቸው። ኮሮናው ሄደ ቴሌግራሙ ቀረ። አሁን የቤት ስራ ማታ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል፣ ልጅ የናቷን ስልክ ተቀብላ ለሂሳብ ብላ ትገባና ቲክቶክ ላይ ታመሻለች፣ ቤቱ ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ ጠዋት ከጓደኛው ሲገለብጥ ይያዛል። ቲክቶክ ራሱ ከ13 አመት በታች አልቀበልም ይላል እኮ፣ የኛዎቹ የ4ኛ ክፍል ልጆች ግን የተወለዱበትን አመት መቀየር ከማባዛት ሰንጠረዥ በፊት ነው የለመዱት።

አምና የሆነው ነው ያስደነገጠን። የአንድ ክፍል ግሩፕ ሊንክ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር የማናውቀው ሰው "ሳይንስ ቲቸር" በሚል ስም ገባና ለሴቶቹ ልጆች በውስጥ መስመር እየጻፈ ለመታወቂያ ፎቶ ላኩ ማለት ጀመረ፣ መጀመሪያ በዩኒፎርም፣ ቀጥሎ... በቃ ገብቷችኋል። አንዷ ልትልክለት ስትል ፓኬጅ አለቀባት፣ እናቷን ካርድ ሙይልኝ ስትል ነው ነገሩ የወጣው። እስካሁን ሳስበው ያለቀ ፓኬጅ ነው ያተረፋት። የኔም ልጅ እዛው ግሩፕ ውስጥ ነበረች።

መምህሩ ላይ ሰው ሁሉ ወረደበት፣ እኔ ግን አልፈርድበትም፣ ግሩፕ እንዴት እንደሚዘጋ ማን አሳየው? አሁን ሁሉንም ግሩፕ አድሚን ካላጸደቀ ሰው እንዳይገባ አድርገናል፣ ይሄ ብር አይፈልግም። ብር የሚፈልገው ቀጣዩ ነው።

የተስማማነው ስልክ ከክፍል እንዲወጣ፣ የቤት ስራ በወረቀት እንዲሆን፣ ኢንተርኔት ደግሞ መምህር ባለበት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲሆን ነው። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ስልክ አጠገብ መኖሩ ብቻ የተማሪን ሀሳብ እንደሚሰርቅ፣ አንዴ ከተበተነ በኋላ ተመልሶ ለመሰብሰብ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅ እንደሚችል ጽፏል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ሂሳቡን እናንተ ስሩት።

ስብሰባ ላይ አንዲት እናት "ልጄ በባጃጅ ስትመለስ በምን አገኛታለሁ" ብላ ተነሳች፣ እውነቷን ነው። ስለዚ ስልኩ ጠዋት በር ላይ ተቆልፎበት ሲወጡ የሚሰጥበት በቁጥር የተከፋፈለ የብረት ሳጥን እናሰራለን፣ በያጁ 48,000 ብር ብሏል። ከ18ቱ ኮምፒውተር 11ዱን የድሬ አቧራና ሙቀት በልቷቸዋል፣ ማስጠገኛው 99,000 ነው። ራውተርና ኬብል 35,000፣ ፕሪንተር 78,000፣ ወረቀትና ቀለም 26,000። ድምሩ 286,000 ሲሆን እስካሁን 94,500 ሰብስበናል።

ፊልተሩ እንኳ በነጻ ነው፣ ክላውድፍሌር የሚባል የኢንተርኔት ድርጅት የሚሰጠውን 1.1.1.3 የሚል የዲኤንኤስ (DNS) ቁጥር ራውተሩ ላይ ስታስገቡ የብልግናና ቫይረስ የሚያመጡ ሳይቶችን ይዘጋል፣ ቤታችሁም ሞክሩት። ግን አንታለል፣ ልጆቹ ቪፒኤን የሚባለውን የተዘጋ ሳይት ማለፊያ ከኛ በላይ ያውቃሉ፣ በሞባይል ዳታ ከገቡ ደግሞ ራውተሩን አያገኙትም። ለዛ ነው ኮምፒውተሮቹ ላይ ተማሪ ምንም ነገር መጫን እንዳይችል የሚደረገው፣ ስክሪኖቹም ሁሉ ወደ መምህሩ እንዲዞሩ ጠረጴዛውን በግድግዳ ዙሪያ እንደረድራለን። የአይሲቲ መምህራችን ይሄ ከሁሉም ፊልተር ይበልጣል ይላል እኔም አምኜዋለሁ።

ለወላጅም በአማርኛ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ስልጠና ይኖራል፣ አሰልጣኞቹ መምህራኑ ራሳቸው ናቸው በነጻ።

50 ብርም ብር ነው። ውጭ ያላችሁ የድሬ ልጆች አንድ ኮምፒውተር ማስጠገን 9,000 ብር ነው፣ ከቻላችሁ አንድ አንድ ያዙልን። ብሩ የሚወጣው በሶስት ሰው ፊርማ ነው፣ ሁለት ወላጅ አንድ መምህር፣ ደረሰኙንም በየሳምንቱ እለጥፋለሁ። የባንክና የቴሌብር ቁጥር ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ እዚህ ያላስቀመጥኩት አስመሳይ እንዳይጠቀምበት ነው። ራም፣ ኪቦርድ፣ ማውስ ያላችሁም አምጡ፣ የተሰበረ ሞኒተር ግን አደራ፣ ስቶሩ ሞልቷል።

ጥገና የምትችሉ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነን፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሀዩን ታውቁታላችሁ።