ጤና ኬላችን በመዋጮ ሰሞን ለምን ይዘጋል?

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ

ክቡር ኃላፊ፦

ይህን ጉዳይ አደባባይ ላወጣው አልፈለግሁም ነበር። መጀመሪያ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነገርኩ። ቀጥዬ ማመልከቻ ጽፌ ጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ቤት አስገባሁ። «ይታይ» ተብሎ ተጽፎበት ወደ ባለሙያ ተመራ። ባለሙያው ዘንድ ስሄድ ስብሰባ ናቸው ተባልኩ፤ ስመለስ መስክ ወጥተዋል ተባልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝም የመለሰልኝም የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እየሰማ እጠይቅዎታለሁ።

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ፣ ዓመት ያልሞላት ሕፃን፣ ስታቃስት አደረች። የጥርን ብርድ መቼም ለመንዝ ሰው አላስረዳም። እንጨት ስለሌለን የምናነደው ኩበት ነው፤ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ያድራል፤ ሕፃን ደግሞ ከእሳቱ ዳር አይርቅም። በዚህ አገር የልጅ ሳንባ የሚታመመው በዋዛ አይደለም። እህቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በቡና ላይ ያስተማሯትን አልረሳችም፦ ሁለት ወር ያለፈው ዓመት ያልሞላው ልጅ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ነው፣ ቶሎ አምጡት። እሷም የተባለችውን አደረገች። ጎህ ሲቀድ አዝላት ቁልቁለቱን ወርዳ ጤና ኬላው ደረሰች። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ሁለቱም ሠራተኞች ከቀበሌ አመራር ጋር የጤና መድህን መዋጮ ሊሰበስቡ ቤት ለቤት ወጥተዋል።

ይህን ደግመው ያንብቡልኝ። ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ለመሰብሰብ ሕክምናው ተዘጋ። እህቴ ደግሞ የዓመቱን መዋጮ ቀድማ የከፈለች፣ የመድህን ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘች ሴት ናት።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ዳገቱ ራሱን የቻለ መከራ ነው፤ እሱን ልለፈው። ተራዋን ጠብቃ ልጅቷ ታየች፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ አሞክሲሲሊን ታዘዘ። መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ስትደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» አሏት። ለሕፃናት ምች የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው፤ ውድም አይደለም፤ የጤና ኬላ ሠራተኛ እንኳ ሰጥታ እንድታክም የተፈቀደላት ነው። በመደርደሪያው ላይ ሊጠፋ የማይገባ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነበር። እህቴ ከተማ ውስጥ ከምታውቃት ሴት ተበድራ ከግል መድኃኒት ቤት ገዛች። ልጅቷ ድናለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደረሰኙን ይዘን ገንዘቡ እንዲመለስ ስንጠይቅ ግን «የግል ቤት ደረሰኝ አንቀበልም» ተባልን፤ ይህንንም በጽሑፍ ስጡን ብንል እንቢ አሉን።

በሠራተኞቹ አልፈርድም። የእኛው ልጆች ናቸው፤ ስንቱን እናት ለወሊድ ጤና ጣቢያ ያደረሱ፣ ስንቱን ሕፃን የከተቡ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች በየቀበሌው ተቀምጠው ሕዝቡ በእግሩ ሊደርስበት በሚችለው ቦታ እንዲያገለግሉ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሰው የቆመ ነው። እነዚህን ሁለት ሴቶች ገንዘብ ሰብሳቢ ያደረጋቸው ማነው? የአባል ቁጥር ኮታ ተሰጥቷቸው፣ ያላሟላችዋ በግምገማ እንደምትወቀስ ራሳቸው ነግረውኛል። ኮታው ከማን ጠረጴዛ እንደወረደ እርስዎ ያውቃሉ።

የሚሰጡኝን መልስም አውቀዋለሁ፦ ጦርነት ነበር፣ ጸጥታው አልተመለሰም። እውነት ነው። በ2014 ጦርነቱ እኛ ድረስ ሲመጣ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት የጫነ መኪና ይቀራል። ይህን ሁሉ አብረን አይተነዋል። ነገር ግን በዚያው መንገድ መዋጮ ሰብሳቢው እየመጣ ነው። በዚያን ቀን ጤና ኬላውን የዘጋው ጦርነት አይደለም፤ የጽሕፈት ቤትዎ የሥራ ስምሪት ነው።

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ የድሃ ድሃ ተብለው የተለዩት ጎረቤቶቻችን ነገር ነው። መዋጮአቸውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ደብተርም አላቸው። «ከውጭ ግዙ» ሲባሉ ግን የሚበደሩበት ሰው የላቸውም፤ ወረቀቱን ይዘው ቤታቸው ይመለሳሉ። አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ የደም ግፊት ክኒናቸውን ካቋረጡ ቆይተዋል። ሲጠየቁ «ደብተሩ አለኝ ልጄ፣ መድኃኒቱ ነው የሌለው» ይላሉ። በእርስዎ ሪፖርት ላይ እኒህ ሴት የሚቆጠሩት የመድህን ተጠቃሚ ተብለው ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለሕዝብ የጤና አገልግሎት የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ይጥልበታል። እኔ የምጠይቅዎ ግን ተጨማሪ ሀብት እንኳ አይደለም። መዋጮውን ሌላ ሰው ይሰብስብ፤ ከሁለቱ ሠራተኞች አንዷ ሁልጊዜ ኬላው ላይ ትገኝ። ጤና ጣቢያው ያለውንና የሌለውን መድኃኒት በየሳምንቱ በሩ ላይ ይለጥፍ፤ ሰው ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት ይወቅ። ከውጭ ግዛ የተባለ አባል ገንዘቡ ይመለስለት፤ አይመለስም ከተባለም በየትኛው መመሪያ እንደሆነ በማኅተም ይጻፍልን።

ስሜና ፊርማዬ መዝገብ ቤትዎ ባለው ማመልከቻ ላይ አለ። የመዋጮው ሰሞን ከመኸር በኋላ እንደገና ይመጣል። መልስዎን ከዚያ በፊት በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲያስለጥፉልን እጠይቃለሁ።

አንድ የወረዳው መምህር